ሳትደፍን አትታጠብ

በዚያ ዓመት ዝናቡ በጊዜው አልመጣም። ሲመጣም አልሄደም። መጀመሪያ የተዘራው ደረቀ፤ ቀጥሎ የተዘራው በሰበሰ። ሁለት ድልድዮችን ጎርፍ ወሰዳቸው። የእህል መጋዘኖች በር ላይ ሰው ከረጢቱን ይዞ ተሰልፎ ይውል ጀመር። ከብት ያለው ከብቱን፣ ከብት የሌለው የቤቱን በር ሸጠ። ወባ ከውሃው ጋር መጣና ቤት ለቤት ዞረ። የጭነት መኪና ያለው ሰው ግን ያን ዓመት ይለመን ነበር፤ እህሉ ሩቅ፣ መንገዱ ክፉ ነበርና።

ሁለት ዘመዳሞች ሁለት መኪና ነበሯቸው። መኪኖቹ መንታ ነበሩ፤ የአንድ ፋብሪካ፣ የአንድ ዓመት፣ አፍንጫቸው ረጅም፣ ቀለማቸው ሰማያዊ። የአንደኛው ባለቤት፣ በኋላ ሰፈሩ «ዘበኛው» ያለው ሰው ነው። የሁለተኛው ባለቤት የዘበኛው ሚስት ታናሽ ወንድም ነበር። ታናሽየውን መሪ ያስያዘው ታላቅየው ነው። ስድስት ዓመት ረዳቱ አድርጎ ይዞት ዞሯል፤ ሞተር መፍታትና መግጠም አስተምሮታል። ካስተማረው ሁሉ አንዱን ቃል እስኪሰለቸው ይደጋግምለት ነበር።

«የከፈትከውን ቀዳዳ ሳትደፍን እጅህን አትታጠብ።»

ሞተር ሲፈታ ቀዳዳው ብዙ ነው። አቧራ ይገባል፣ ውሃ ይገባል፣ ብሎን ይወድቃል። ጨርቅ ትወትፍና ነው ወደ ውሃው የምትሄደው። እጁን የታጠበ ሰው ሥራው ያለቀ ይመስለዋል፤ ወደ ቅባቱ አይመለስም።

በዚያ ክፉ ወቅት የታናሽየው መኪና ፖምፓ ተሰበረ። ፖምፓ ማለት ናፍጣውን ወደ ሞተሩ የሚገፋው ዕቃ ነው፤ እሱ ከሌለ መኪና ቤት ነው። ታላቅየው ደግሞ ወባ ጥሎት አልጋ ላይ ነበር፤ መኪናው ደጅ ቆሟል።

«ጋሼ፣ የእርስዎን ፖምፓ ያውሱኝ።»

«ስንት ቀን?»

«ደርሶ መልስ ነው። ሰባት ቀን።»

በሽተኛው ጥርሱ እየተንገጫገጨ «ውሰድ» አለው።

ጫኙ በር ላይ ቆሞ ይጣራ ነበር። ታናሽየው ፖምፓውን ፈታ፤ ከፖምፓው ጋር የሚሄዱትን፣ ናፍጣ የሚረጩትን ስድስቱን መርጫዎችም ከሞተሩ አናት ነቀለ። ኮፈኑን በአንድ እጁ ለቀቀው፤ አልገጠመም። የውሃው በርሜል ዘንድ ሄደና እጁን ታጥቦ ወጣ።

ሰባቱ ቀን አርባ አንድ ሆነ። ድልድዩ ነው አለ። ድልድዩ የያዘው አሥራ ሁለት ቀን ነው፤ ሌላውን የያዘው «አንድ ጭነት ብቻ፣ አንድ ጭነት ብቻ» የሚለው የራሱ አፍ ነው። ሲመለስ ታላቅየው ከአልጋው ተነስቶ፣ እንደ ሸንበቆ ቀጥኖ፣ ኮፈኑን ከፍቶ ቆሞ ነበር። በስድስቱ ቀዳዳዎች የገባው ዝናብ ሞተሩን ከውስጥ አንድ ብረት አድርጎታል። ታናሽየው ፖምፓውን በጨርቅ ጠቅልሎ ዘረጋለት።

«ለሞተ ሰው መነጽር አይገዛም» አለው ታላቅየው። «ይዘኸው ሂድ።»

ከዚያ ቀን ወዲህ አላናገረውም። ሰፈሩ ነገሩን ሰማና ታናሽየውን «ደርሶ መልስ» ብሎ ሰየመው። ልጆቹ ሳይቀሩ በዚያ ስም ሲጠራ ሰምተው አደጉ። ታላቅየው መሪውን ጣለ፣ ዱላ ያዘ፣ የሲሚንቶ መጋዘን ዘበኛ ሆነ።

ሃያ ሁለት ዓመት አለፈ።

ዘበኛው ሲሚንቶውን ሲጠብቅ ሲሚንቶው ሳንባው ውስጥ ገባ። አሁን ከመስኮቱ ሥር ተኝቷል። ከመስኮቱ ውጪ፣ አምስት እርምጃ ላይ፣ መኪናው ቆሟል። ጎማው መሬት ገብቷል፤ ጋቢናው ውስጥ ዶሮዎች ይጥላሉ።

አንድ ጠዋት የዘበኛው ሚስት፣ የደርሶ መልስ እህት፣ ወንድሟ ቤት መጣች። አልተቀመጠችም።

«ብረት ገዢው ሁለት ጊዜ መጥቶ መኪናውን እንደ ዱባ እያንኳኳ አየው። ሐሙስ ቆራርጦ ይወስደዋል።»

«ጋሼ ምን አሉ?»

«ምን ይላል? ፊቱን ወደ ግድግዳ አዞረ። እሱ ሲሄድ እኔ በምን ልኖር ነው? መድኃኒቱስ በምን ይገዛል?»

«አትሽጪው፣ እትዬ።»

«አንተ ምን አገባህ?»

«እኔ ነኝ የገደልኩት።»

«ይሄን ለማለት ሃያ ሁለት ዓመት ፈጀብህ?»

«ዝናቡ እስኪጀምር ስጪኝ» አላት። «አስነሳዋለሁ። ሲነሳ ራሴ እየነዳሁ ገቢውን አመጣልሻለሁ። እሳቸው ሳሉ ድምፁን ይስሙት። ሌላ አልፈልግም።»

ከሄደች በኋላ ሚስቱ ከጓዳ ወጣች። «ዓይንህን በጨው ታጥበህ ልትገባ ነው?»

«ልገባ ነው።»

«አያናግርህም።»

«አውቃለሁ።»

የመፍቻ ሳጥኑን ይዞ በሩን ሲያልፍ ዘበኛው በመስኮቱ አይቶታል። ሆኖም ሚስቱን ጠየቃት።

«ማነው እሱ?»

«ወንድሜ ነው። መኪናውን ሊያስነሳ።»

መስኮቱ ውስጥ ሳል ተሰማ፤ ረጅም ሳል። ከዚያ ድምፅ መጣ። «ንገሪው፤ ዶሮዎቹን ቀስ ብሎ ያስወጣ። እነሱ አልበደሉትም።»

እንደዚህ ተጀመረ። ዘበኛው የሚናገረው ለሚስቱ ነው፤ ደርሶ መልስም የሚመልሰው ለእህቱ ነው። በመካከላቸው አምስት እርምጃና አንድ መስኮት ነው ያለው። እህቱ ልብሷን እያጠበች ቃሉን ከአንዱ ተቀብላ ለሌላው ታቀብላለች።

«እትዬ፣ ጋሼን ጠይቂልኝ፣ የዚህ ቴስታታ፣ የሞተሩ ክዳን፣ ብሎን ከመሃል ነው ወይስ ከጫፍ የሚጀመረው?»

«ንገሪው፤ ከጫፍ ወደ መሃል ነው የሚፈታው። ድሮ ነግሬዋለሁ። ጆሮውን ደግሞ ማን እንደፈታው አላውቅም።»

«ሁለታችሁም ጆሮ አላችሁ!» ትላለች እህቱ። «እኔ ስልክ ነኝ?» ግን ታቀብላለች። ገበያ ስትሄድ ሥራው እንዳይቆም ዘበኛው በዱላው ግድግዳውን መምታት ጀመረ። አንድ ምት «አይደለም» ነው፤ ሁለት ምት «ልክ ነው»። ሁለት ምት ብርቅ ነበር።

አንድ ነገር አስቀድሞ ተናግሯል። «ንገሪው፤ የራሱን ሞተር አውጥቶ እዚህ እንዳያስቀምጥብኝ። ያበላሸው የኔን ነው፤ የኔን ያስነሳ።»

ሥራው ክፉ ነበር። ብሎኑ ሁሉ ዝጎ ተጣብቋል። አንዱን ለመፍታት ግማሽ ቀን ይፈጃል፤ ሁለቱ አንገታቸው ተቆርጦ ቀረ። የናፍጣውን ጋን ሲከፍት ከውስጡ የወጣው ጭቃ ነው። የመብራት ሽቦውን አይጥ በልቶታል፤ መቀመጫው ውስጥ አይጧ ከነልጆቿ ነበረች። ደርሶ መልስ ጠዋት የራሱን መኪና ይዞ አሸዋ ይጭናል፤ ከሰዓት በኋላ እዚህ መጥቶ ቅባት ውስጥ ይገባል። ስልሳ አንድ ዓመቱ ነው። ጉልበቱ ሲታጠፍ ይጮሃል። ከመኪናው ሥር ገብቶ ለመውጣት ሲንፈራገጥ ከመስኮቱ ሳቅ የመሰለ ነገር ሰማ፤ ወይም ሳል ነበር።

«ምን አሉ?»

«‹ንገሪው፤ እዚያው ይቅር፤ መቃብር መቆፈሪያ ይተርፋል› አለ።»

ቴስታታው በአሥራ ዘጠነኛው ቀን ተነሳ። ሞተሩ አናቱን ተከፍቶ ተጋደመ፤ ስድስት ጉድጓዶች፣ በእያንዳንዱ ውስጥ ዝገት ለብሶ የተጣበቀ ፒስቶን። ዘይትና ናፍጣ ቀላቅሎ በየጉድጓዱ ሞላ። ይጠጣ ተብሎ ተተወ። በየቀኑ ይሞላል፤ በየቀኑ ትንሽ ይጎድላል። በሁለተኛው ሳምንት መጨረሻ አንዱን በወፍራም እንጨት ቢመታው ነቅነቅ አለ። ግድግዳው ሁለት ጊዜ ተመታ። ደርሶ መልስ ያን ዕለት ቤቱ ሲገባ ሚስቱ ምን እንዳገኘ ጠየቀችው፤ እያፏጨ ተኛ።

አምስቱ ተራ በተራ ተላቀቁ። ሦስተኛው እምቢ አለ።

«ንገሪው፤ ገና አልጠጣም። ሌላ አሥር ቀን ይጠጣ። ሲመታም በእንጨት።»

ግን በዚያው ሳምንት ዘበኛው ደም ተፋ። እህቱ ጨርቁን በጓሮ በኩል ይዛ ስታልፍ ደርሶ መልስ አየው። በማግሥቱ ብረት ገዢው መጥቶ በሩን ተደግፎ ቆመ፤ ጥርሱን እየጎረጎረ የተፈታውን ሞተር ተመለከተ።

«አባባ፣ እኔ የምቆርጠውን ነው እኮ እርስዎ በነፃ የሚቆርጡልኝ።»

«ዞር በል ከዚህ።»

«እጠብቃለሁ፤ አልቸኩልም። እኔና ዝገት ጓደኛሞች ነን።»

ሰውየው ሄደ። ደርሶ መልስ ሦስተኛውን ጉድጓድ አየ። መስኮቱን አየ። ከውስጥ ትንፋሹ እንደ መጋዝ ይሰማል። አሥር ቀን ማን ሰጠው? እንጨቱን አስቀምጦ የብረቱን መዶሻ አነሳ። አንድ ጊዜ መታ። ሁለተኛ መታ። ግድግዳው አንድ ምት ሰጠ፤ አይደለም ማለት ነው። ሰምቷል። ሦስተኛውን መታ።

ፒስቶኑ ከመሃል ተሰነጠቀ። የሚሄድበት ቱቦም አብሮት ተሰነጠቀ።

ጉድጓዱ ላይ ጎንበስ ብሎ አየ።

«እትዬ፣ ምን አሉ?»

እህቱ ከመስኮቱ ዘወር አለች። «ምንም አላለም።»

ከስድብ ሁሉ ያ ከበደው። መዶሻውን ይዞ ቆሞ ቀረ። ሃያ ሁለት ዓመት ሙሉ «በዝናቡ ነው፣ በድልድዩ ነው» ይል ነበር። ዛሬ ዝናብ የለም፣ ድልድይ የለም። ያው ሰው፣ ያው ጥድፊያ።

የመለዋወጫ ሱቆችን ሦስት ቀን ዞረ። አንዱ ባለሱቅ የተሰበረውን ፒስቶን እያገላበጠ «አባቴ አይቶት ይሆናል» አለው፤ «እሱ ደግሞ ሞቷል።» ሌላው ለጽሕፈት ጠረጴዛው ወረቀት መጫኛ ይሽጥለት እንደሆነ ጠየቀው።

በሦስተኛው ቀን አመሻሹ ላይ ቤቱ ሲገባ የራሱ መኪና ደጅ ቆማ ነበር፤ ጠዋት አሸዋዋን አራግፋ የተመለሰች። እጁን ኮፈኗ ላይ አደረገ። ሚስቱ ከበሩ ሆና አየችው። ሠላሳ ዓመት አብራው ኖራለች፤ ሲያስብ ታውቀዋለች።

«አታደርገውም» አለችው።

«ሌላ የትም የለም።»

«የራስህን ቤት አፍርሰህ የሰው ቤት ልትሠራ? እኛስ?»

«እኛ ሃያ ሁለት ዓመት በሰው ፖምፓ በልተናል።»

ልጆቹ የለበሱት፣ ጣሪያው፣ እሷ የቆመችበት ደረጃ፣ ሁሉም ከዚያ ፖምፓ ነው የመጣው። ታውቃለች። ማወቅ ግን አያጠግብም።

«እንግዲህ ሞኝ አግብቻለሁ» አለችና ገባች።

የራሱን ሞተር ለመፍታት አምስት ቀን በቃው፤ ብሎኑ ሁሉ በራሱ እጅ የታሰረ ነው። ሦስተኛውን ፒስቶን ከነቱቦው አወጣ። ባዶ የቀረውን ጉድጓድና ሌሎቹን አምስቱን በጨርቅ ወተፋቸው። በዚህ ጊዜ አልረሳም። ፖምፓውን ግን አልነካም። አሸዋ መጫን ቆሟል፤ መኪናዋ ከእንግዲህ አትነሳም፤ ፖምፓው ለምንም አይጠቅማትም። ሆኖም ለመጨረሻ አስቀረው። ለምን እንደሆነ ራሱም አያውቅም።

በዘበኛው ግቢ ያ ፒስቶን ከነቱቦው ገባ። ቴስታታው ተጫነ፤ ከመሃል ወደ ጫፍ ታሰረ። ጥያቄ ነበረው፤ አልጠየቀም። ግድግዳው ከዚያ መዶሻ ወዲህ አንድም ጊዜ አልተመታም። እህቱ የምታቀብለው ቃል አልነበራትም። ዘበኛው አሁን ውሃ እንኳ በማንኪያ ነው የሚጠጣው።

«ይሰማል?» ብሎ ጠየቃት አንድ ቀን።

«እኔ እንጃ። ዓይኑን ይገልጣል፣ ይጨፍናል።»

በማግሥቱ ጠዋት ሰማዩ ከብዶ ነበር። ደርሶ መልስ ማልዶ ተነሳና የራሱን መኪና ኮፈን ከፈተ። ፖምፓውን ፈታ፤ አራት ብሎን ነው። ስድስቱን መርጫዎች ከተነሳው ቴስታታ ነቀለ። መንገድ ላይ እንዳይጫሩ መጠቅለያ ፈለገ፤ እጁ ላይ ንጹሕ ጨርቅ አልነበረም። ከስድስቱ ጉድጓዶች ጨርቁን እየመዘዘ ጠቀለለባቸው። ባትሪውንም ነቅሎ በጋሪ ጫነና ሄደ።

ገጠመ። ናፍጣ ሞላ። በናፍጣው መስመር ውስጥ የቀረውን አየር በትንሿ የእጅ መግፊያ እየገፋ አወጣ፤ አረፋው አልቆ ንጹሕ ናፍጣ እስኪመጣ። ከዚያ ጋቢና ገብቶ ተቀመጠ። መቀመጫው ገና የዶሮ ይሸታል።

የመጀመሪያው ሙከራ ማቃሰት ብቻ ነበር። ሁለተኛው አንድ ጊዜ ተኩሶ ጸጥ አለ። እህቱ ልብስ ማጠቢያዋ ላይ እንዳጎነበሰች ቆማለች፤ እጇ አይንቀሳቀስም። ሦስተኛው ያዘ።

ጭሱ ጥቁር ሆኖ ግቢውን ሞላው። ሞተሩ እንደሚያነክስ ሰው ዘለል ዘለል እያለ ዞረ፤ ከዚያ እየተስተካከለ ሄደ። መስታወቱ ተንቀጠቀጠ። ዶሮዎቹ አጥር ዘለሉ። እህቱ ጭሱ በሽተኛው ላይ እንዳይገባ ሮጣ መስኮቱን ዘጋች። ወዲያው ግድግዳው ተመታ፤ አንድ ጊዜ። ከፈተችው። ግድግዳው ሁለት ጊዜ ተመታ።

ደርሶ መልስ ጋቢናው ውስጥ ሆኖ ቆጠረው። አንድ። ሁለት። መሪው ላይ ግንባሩን አሳረፈ።

ሞተሩን ሲያጠፋ እህቱ በሩ ላይ ቆማ ነበር።

«ግባ ይልሃል።»

«ማን?»

«ማን ይሆናል? ድመቱ?»

ሃያ ሁለት ዓመት ያልረገጠው ቤት ነው። በሽተኛ ዘንድ በቅባት እጅ አይገባም። በርሜሉ ዘንድ ሄደና በሳሙና እስከ ክርኑ ታጠበ፤ በሸሚዙ አደረቀ፤ ገባ።

ዘበኛው ከአንሶላው በላይ የቀረው ዓይኑና አፍንጫው ብቻ ነበር። ደርሶ መልስ ከአልጋው ራቅ ብሎ ቆመ። ከውጪ፣ ቆርቆሮው ላይ፣ የመጀመሪያዎቹ ጠብታዎች ወደቁ። ዘበኛው ወደ ጣሪያው አየ። ከዚያ አየው፤ እሱን ራሱን።

«ፖምፓውን ከየት ፈታኸው?»

ድምፁ እንደ ወረቀት ቀጭን ነበር። ቃሉ ግን ለእህቱ አልነበረም።

«ከኔ መኪና፣ ጋሼ።»

«መቼ?»

«ዛሬ ጠዋት።»

ዘበኛው ዓይኑን ወደ ደርሶ መልስ እጆች አወረደ። ነጭ ነበሩ፤ ጥፍሩ ሳይቀር ጠርቷል።

«እጅህን ታጥበሃል» አለው።

ደርሶ መልስ እጁን አየ። በጋሪው ላይ የቀሩትን ስድስት ጨርቆች አሰበ። ደጁ የቆመችውን የራሱን መኪና ኮፈን አሰበ፤ ተከፍቶ ነው የተወው። ጠብታው በቆርቆሮው ላይ ፈጠነ።

«ጋሼ፣ እሷ እኮ ከእንግዲህ ብረት ናት። ብረት ገዢው ነው የሚወስዳት።»

«የኔንም እንደዚሁ ብሎ ነበር» አለ ዘበኛው። ትንፋሹን ሰበሰበ። «አንድ ቀን የሚያስነሳት ይመጣል። እንዳንተ ያለ ሞኝ አይጠፋም። ሂድ።»

ሮጠ። ስልሳ አንድ ዓመት ሲሮጥ አያምርም፤ ሰፈሩ ከየበረንዳው አየው፤ አንዱ «ደርሶ መልስ ደግሞ የት ደርሶ ሊመለስ ነው?» ብሎ ጮኸ። ጨርቆቹን እጁ ላይ ይዟል። ግቢው ሲደርስ ሚስቱ ኮፈኑ ሥር ነበረች። ምን እንደሆነ አታውቅም፤ ክፍት ነገር ላይ ዝናብ መውደቅ እንደሌለበት ግን ታውቃለች። የአልጋ ልብሷን ሞተሩ ላይ ዘርግታ ዳር ዳሩን በሁለት እጇ ይዛ ቆማለች፤ ውሃው በራሷ ላይ ይወርዳል።

«ምን ታየኛለህ? ወትፍ!» አለችው።

ስድስቱንም ወተፈ። በጣቱ እየጠቀጠቀ፣ አንድ በአንድ። የፖምፓውን ቦታም ደፈነ። ቴስታታውን አንስቶ አናቱ ላይ አስቀመጠ። ኮፈኑን በሁለት እጁ አውርዶ ቀጭ እስኪል ተጫነው። አንዴ ደግሞ ጎትቶ አየው፤ አልተከፈተም።

ዘበኛው ከዚያ በኋላ የኖረው አሥራ አንድ ቀን ነው። በአሥራ አንዱ ቀን ብዙ አልተናገረም፤ የተናገረውም ስለ ጎማና ስለ ዘይት ነበር። መኪናው አሁን እህቱን ያኖራል፤ ደርሶ መልስ በስልሳ አንድ ዓመቱ የሰው መኪና ሾፌር ሆነ፤ የራሱ እንደ ተደፈነች ደጁ ቆማለች። ያ ሁሉ ግን በኋላ ነው።

ያን ዕለት በዝናቡ ውስጥ ተመለሰና አልጋው አጠገብ ቆመ። እጁ እስከ አንጓው ጥቁር ነበር፤ ቅባቱና ውሃው በጣቶቹ ጫፍ ወለሉ ላይ ይንጠባጠባል። እህቱ ወለሉን አየች።

«ደፍኛለሁ፣ ጋሼ።»

ዘበኛው የቆሸሹትን እጆች አንድ በአንድ አያቸው፤ መጀመሪያ ቀኙን፣ ቀጥሎ ግራውን።

«በል አሁን ታጠብ» አለው።

እህቱ ማስታጠቢያውን አመጣች። ደርሶ መልስ እዚያው አልጋው አጠገብ ጎንበስ ብሎ ታጠበ።